ጥበቡን ለብሶ ጠቢቡን መናቅ
ስለ ወላይታ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች

በሰንበት ማለዳ አንድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሲሰናዳ አባት ጋቢውን ይደርባል፤ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ትለብሳለች፤ ልጆችም ጥለቱ ያማረ ልብሳቸውን ለብሰው የብር መስቀላቸውን በአንገታቸው ያስራሉ። ከቅዳሴ ሲመለሱም በሸክላ ድስት የተሠራው ወጥ ይወጣል፤ ቡናውም በጀበና ይፈላል። ይህ ሁሉ ዕቃ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እያንዳንዱን የሠራ እጅ አለ፤ የእጁም ባለቤት እንደ እኛው ቤትና ልጆች፥ ስምና ክብር ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ሸማውን ስንለብስ ሸማኔውን፥ በጀበናው ስንጠጣ ሸክላ ሠሪዋን በምን ዐይን እንደምናያቸው ራሳችንን ብንጠይቅ፥ መልሱ ብዙዎቻችንን የሚያሳፍር ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህን ነገር ለመመርመር የወላይታን ምድር መርጠናል። በዚያ አገር ሽመናው፥ የብረት ሥራው፥ የቆዳ ሥራውና የሸክላ ሥራው በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ባለሙያዎቹ ከገበሬው ጋራም ሆነ እርስ በርሳቸው የሚኖሩት ኑሮ ለመላዋ ኢትዮጵያ እንደ መስታወት ይሆናል።

ከዳሞታ ተራራ ሥር

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአርባ ምንጭ፥ ከሐዋሳ፥ ከሆሳዕናና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት በመሆንዋ ገበያዋ የደመቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። የወላይታ ዞን በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንሰት፥ በቆሎና ስኳር ድንች የሚያበቅለው መሬት ለም ቢሆንም ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ አያሌ ቤተ ሰብ ከእርሻው ጋራ አንድ የእጅ ሙያ ይዞ ይኖራል፤ መሬት የሌለው ደግሞ በእጁ ሙያ ብቻ ያድራል።

ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመቻ ንጉሡ ካዎ ጦና እስከ ተማረኩ ድረስ የራሱ ነገሥታት የነበሩት አገር ነበር። በዚያ ዘመን በገበያው እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው ማርጩዋ የተባለው ብረት ነው። ይህም ማለት የአገሩ ገንዘብ በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን የሠራው እጅ በገንዘቡ ባለቤቶች ማዕድ ላይ ቦታ አልነበረውም። የጽሑፋችን ጭብጥ በዚህ በአንዱ ነገር ተጠቅልሎ ይገኛል።

የአገሩ ሽመናም የታወቀ ነው። በጥቁር፥ በቀይና በቢጫ መስመሮች ያጌጠው ዱንጉዛ የተባለው ልብስ የወላይታና የጎረቤቱ የጋሞ መታወቂያ ሆኖ፥ በመስከረም ወር በሚከበረው በወላይታ የዘመን መለወጫ በጊፋታ ሕዝቡ ለብሶት ይወጣል። ዛሬ በክብር እንግዶች ትከሻ ላይ የሚደረገውም ይኸው ልብስ ነው። ሹሙም፥ ሙሽራውም፥ ተማሪውም በዱንጉዛ ሲያጌጥ ማየት ደስ ያሰኛል፤ የሸማኔውን ስም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ነጠላ የስንት ሰው ሥራ ነው?

ሸማ እንዴት እንደሚሠራ በከተማ ያደጉ ልጆቻችን እየረሱት ስለ ሆነ ባጭሩ እናስታውሳቸው። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ ፍሬው በብረት መዳመጫ ተዳምጦ ይለያል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶውም በአመልማሎ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ የተፈተለውም በልቃቂት ይጠራቀማል። ዛሬ በብዙ ቦታ ድሩ ከፋብሪካ የሚገዛ ክር ሲሆን፥ ለሸማው ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠው ማጉ ግን በእጅ የተፈተለው ነው።

ሸማኔው ድሩን ወጥሮ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ ይቀመጣል። መርገጫዎቹን እያፈራረቀ ሲረግጥ ድሩ ከፍና ዝቅ እያለ ይከፈታል፤ መወርወሪያውም ማጉን ይዞ ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ሩጫው ይቆማል፤ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ አንድ በአንድ ያስገባዋል። አንዲት ክር ብትሳሳት መላው ጥለት ይዛባልና ዐይኑም ልቡም ከሥራው አይነሣም። ቀላል ነጠላ የጥቂት ቀን ሥራ ሲሆን፥ ጥበቡ የበዛ ቀሚስ ሳምንታት ይፈጃል።

ሸማኔ ደግሞ ብቻውን የሚኖር ባለሙያ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሸማኔዎች ዕቃቸውን በአንድ ዳስ ሥር ተክለው ጎን ለጎን ይሠራሉ። ክር ያለቀበት ከጎረቤቱ ይበደራል፤ ጥለቱ የተሳሳተበትን ጓደኛው ቀድሞ አይቶ ያርመዋል፤ አዲስ ጥለት ያወጣውም ለባልንጀራው ያሳያል። ልጅ ሙያውን የሚማረው መጀመሪያ ክር በቀሰም እየጠቀለለ፥ ከዚያም ከአባቱ ጎን ተቀምጦ እያየ ነው። እቁቡ የድር መግዣ ይሆናል፤ እድሩም በኀዘን ጊዜ ይደርሳል። በገበያ ዋዜማ ዋጋ ሲመካከሩ ማንም ሌላውን አሳንሶ እንዳይሸጥ ይነጋገራሉ። እንዲህ ያለ ኅብረት ባይኖር ኖሮ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እስከ ዛሬ ባልደረሰም ነበር።

አንድ ጊዜ በሶዶ ከአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ደጃፍ ተቀምጠን ስንጫወት፥ «አባቴ፥ ይህን ነጠላ ስንት ሰው ሠራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው መወርወሪያቸውን አቁመው ፈገግ አሉና በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «ጥጡን የዘራው ገበሬ አንድ፤ ያዳመጠችውና የፈተለችው ባለቤቴ ሁለት፤ መዳመጫውን የቀጠቀጠው ብረት ሠሪ ሦስት፤ የዕቃውን እንጨት የጠረበው አናጢ አራት፤ ድሩን ያመጣልን ነጋዴ አምስት፤ እኔ ስድስት» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው፥ «መቼም ስንሠራ የምንበላው የሚበስለው በሸክላ ነውና፥ መምህር፥ እርስዋም ትቆጠር፤ ሰባት» ብለው ጨረሱ።

«ከነዚህ ሁሉ ጋራ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ?» አልኋቸው።

መልሱን ቶሎ አልሰጡኝም። «ከብረት ሠሪውና ከሸክላ ሠሪዋ ጋራ አልበላም። አባቴም አይበላም ነበር። ለምን እንደ ሆነ ግን አባቴን አልጠየቅሁትም። አሁን የልጅ ልጄ ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋራ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይማራል፤ ዳቦውንም ገምሶ ይሰጠዋል። ባለፈው ሳምንት፥ ‹አባባ፥ እርሱ ቤታችን የማይገባው ለምንድን ነው?› አለኝ። እኔ አባቴን ያልጠየቅሁትን እርሱ እኔን ጠየቀኝ፤ መልስም አጣሁለት» አሉ።

ሽማግሌው መልስ ማጣታቸውን አልሸሸጉም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቻችን መልስ የሌለው ልማድ ይዘን መልስ ያለን እየመሰለን እንኖራለንና።

በጠቢባን መካከል ያለው ደረጃ

በወላይታ ቋንቋ ሸክላ ሠሪዎቹ ቺናሻ፥ ብረት ሠሪዎቹ ዎጋቼ፥ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጌላ ይባላሉ። እነዚህ የሙያ ስሞች ሲሆኑ በሰው አፍ የንቀት ስሞች ሆነው ቆይተዋል። ገበሬው ከነርሱ ጋራ አይጋባም፤ በአንድ ዕቃ አይበላም፤ በቤቱም ቢመጡ ከደጃፍ አያልፉም ነበር። መኖሪያቸው ከመንደሩ ዳር፥ መሬታቸው ከገደሉ አፋፍ፥ መቀመጫቸውም ከጉባኤው ኋላ ነበር። ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያዎች ሰፊ ጥናት ያሳተሙት ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት፥ እነዚህ ወገኖች በመኖሪያ ቦታ፥ በኑሮ፥ በአስተዳደር፥ በማኅበራዊ ግንኙነትና በባህል ተገልለው እንደ ኖሩ ገልጸዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በተገለሉት መካከልም ደረጃ መኖሩ ነው። በአብዛኛው የደቡብ አገር ሸማኔው ከሌሎቹ ባለሙያዎች ይልቅ ይከበራል፤ ብረት ሠሪው ከእርሱ ዝቅ ይላል፤ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ከሁሉ በታች ይሆናሉ። የተናቀ ሰው የሚንቀው ሌላ ሰው ይፈልጋልና፥ ንቀት እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል።

የሸክላ ሠሪዋን ድካም እስቲ እናስተውል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ራስዋ ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች። ድንጋዩን ለቅማ፥ አድቅቃና አርጥባ በእግርዋ ትረግጠዋለች። የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም፤ ድስቱም፥ ጀበናውም፥ እንስራውም ክብ ሆኖ የሚወጣው በእጅዋ ልክ ብቻ ነው። ሲደርቅ በለሰለሰ ድንጋይ ታሸዋለች፤ ከዚያም ከሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር እሳት ትተኩሰዋለች። ነፋስ ቢነሣ ወይም ዝናብ ቢደርስ የሳምንት ሥራዋ በአንድ ሰዓት ይሰነጠቃል። የተረፈውን ተሸክማ ገበያ ስታወጣ ገዢው በጣቱ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል፤ በዋጋውም ይከራከራታል። ድስቱን ይዞ ሲሄድ ከቤቱ እልፍኝ ያስገባዋል፤ ድስቱን የሠራችውን ግን ከደጅ ይመልሳታል።

ይህ ነውር የወላይታ ብቻ እንዳይመስለን። በከምባታና በጉራጌ ፉጋ የተባሉት ባለሙያዎች ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። በሰሜኑም ቢሆን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናቸው» እያልን ዐይናቸውን የፈራን፥ ልጆቻችንን ከፊታቸው የሸሸግን እኛው ነን። በጎንደርና በአካባቢው ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት የኖሩት ቤተ እስራኤል ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። ከእነርሱም አብዛኞቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። ማረሻውን፥ ማጭዱንና እንስራውን ለዘመናት ሲሠሩልን የኖሩ ሰዎች ከእኛ ከጎረቤቶቻቸው አፍ ብዙ ጊዜ የሰሙት ምስጋና ሳይሆን ስድብ ነበር።

የስድቡ ቃል ትርጓሜ

ብረት ሠሪን ለመስደብ የምንጠቀምበት «ጠይብ» የተባለው ቃል ከየት እንደ መጣ የመረመረ ሰው ይደነቃል። ቃሉ ከግእዙ «ጠቢብ» የወጣ ነው፤ ጠቢብ ማለት ደግሞ ጥበብ ያለው፥ አዋቂ ማለት ነው። ቅዱሳን መጻሕፍት ሰሎሞንን ባከበሩበት ቃል እኛ ባልንጀራችንን ሰደብንበት። በቀሚስ ጠርዝ ላይ ያለውን የሸማኔ ሥራ እስከ ዛሬ «ጥበብ» ብለን በክብር እንጠራዋለን። ስለዚህ ጥበቡን በደረታችን ላይ እያኖርን ጠቢቡን ከደጃችን እናቆማለን ማለት ነው።

ሌላም አለ። የቅኔ መምህራን የምሥጢርን መንገድ «ሰምና ወርቅ» ብለው የሰየሙት ከአንጥረኛው ቤት ተበድረው ነው። አንጥረኛ መስቀል ወይም ጌጥ ሲያፈስስ አስቀድሞ መልኩን በሰም ይሠራዋል። ሰሙን በጭቃ ሸፍኖ ወደ እሳት ሲያቀርበው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ስፍራም የቀለጠ ወርቅ ወይም ብር ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ሰሙ የነበረው መልክ ወርቅ ሆኖ ይገኛል። ደቀ መዝሙሩ ይህን ስም ከአፉ ሳይለይ ሲያድግ፥ ስሙን ያወረሰውን አንጥረኛ ግን ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም።

በአንገታችን ያለውም መስቀል ታሪክ አለው። ከጥንት ቤተ ሰብ የወረስናቸው ብዙዎቹ የብር መስቀሎች የተሠሩት ከማርያ ትሬዛ ብር ቀልጦ ነው። ይህ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሆኖ፥ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በላዩም ንግሥቲቱ ያረፈችበት የ1780 የአውሮፓ ዓመት ተጽፎበት ይታተም ነበር። የባዕድ አገር ንግሥት መልክ ያለበትን ገንዘብ ተቀብሎ የክርስቶስን መስቀል አድርጎ የመለሰልን አንጥረኛው ነው። ወናፉን እያናፋ፥ በመስፉ ላይ እየቀጠቀጠ፥ በጉጠቱ እያገላበጠ የሠራልን ምልክት የእምነታችን ምልክት ነው። ምልክቱን ስመን ሠሪውን ብንንቅ ስማችን ማን ይባላል?

መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ለድንኳኑ ሥራ ሰዎችን በስማቸው ጠርቶ እንደ መረጠ እናነባለን። አንዱ ከይሁዳ ነገድ የሆነው ባስልኤል፥ ሁለተኛው ከዳን ነገድ የሆነው ኤልያብ ነው። ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስና በጥበብ እንደ ተሞላ የተነገረለት ስለ ጦርነት ወይም ስለ መንግሥት አይደለም፤ ወርቁን፥ ብሩን፥ ናሱንና እንጨቱን እንዲሠራ ነው። ይሁዳ ነገሥታት የወጡበት ነገድ ነው፤ ዳን ግን ከራሔል አገልጋይ ከባላ የተወለደው ልጅ ነገድ ነው። የንጉሡ ነገድ ልጅና የአገልጋይቱ ነገድ ልጅ በአንድ ሥራ ላይ እኩል ተቀመጡ። በምዕራፍ 35ም የሚፈትሉት ሴቶች ሥራ ከወንዶቹ ሥራ ጋራ አብሮ ተመዘገበ። እግዚአብሔር ለማደሪያው ያደራጀው የባለሙያዎች ማኅበር እንዲህ ያለ ነበር።

በሐዲስ ኪዳንም ጌታችን በጸራቢው በዮሴፍ ቤት አደገ። እመቤታችን መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ባበሠራት ጊዜ ለቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ ስትፈትል እንደ ነበረች አባቶቻችን ያስተምሩናል። እንዝርት በእጅዋ ለያዘች ለማንኛይቱም ሴት ከዚህ የሚበልጥ ክብር ወዴት ይገኛል? ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ቤት ያረፈው ሥራቸው አንድ ስለ ነበረ ነው፤ ሦስቱም ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። የሐዋርያው ስብከት በሙያ ጓደኞቹ ቤት፥ በአንድ ማዕድ ላይ ሥር ሰደደ። ታላቁ አባ እንጦንስም በበረሃ ሳለ ልቡ በታከተ ጊዜ፥ ተቀምጦ ገመድ የሚታታ፥ ተነሥቶም የሚጸልይ መልአክ አይቶ ጸሎትና የእጅ ሥራ አንድ መንገድ መሆናቸውን ተማረ።

ለወላይታ ደግሞ የቀረበ ምስክር አለ። በዚያ ምድር የሚገኘው የደብረ መንክራት ገዳም በጻድቁ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመ ነው። በገድላቸው እንደ ተጻፈ፥ የዳሞት ንጉሥ ሞተሎሚ እናታቸውን እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወስዶ ነበር፤ የወላይታም ሽማግሌዎች ይህን ስም ከጥንት ነገሥታቶቻቸው ጋራ ያያይዙታል። ጻድቁ ባደጉ ጊዜ ግን ሞተሎሚን አስተምረው አጠመቁት። እናትን የማረከ ሰው በጥምቀት ወንድም ሆኖ ከአንድ የቅዱስ ቍርባን ማዕድ ከቀረበ፥ ጀበና የሠራችልን ሴት ከቡናችን የማትቀርብበት ምክንያት ምንድን ነው?

አዋጁና ልማዱ

መንግሥት ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ገበሬውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም ጭምር ከስድብ የሚጠብቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሠራተኛው ላይ የተነገረውን ስድብ በራሳቸው ላይ እንደ ተነገረ ቆጥረው፥ ተሳዳቢው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ለባለሙያዎቹም መሬት የሚያገኙበትን በር ከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደ ሆኑ ይደነግጋል።

አዋጅ ግን ከአደባባይ እስከ ደጃፍ ይመጣል እንጂ እልፍኝ ገብቶ ማዕድ አይዘረጋም። ዳኛ መሬት ያካፍላል፤ እንጀራ አብሮ መቍረስን ግን ማዘዝ አይችልም። ከዚያ ወዲያ ያለው የአባትና የእናት፥ የካህንና የመምህር ሥራ ነው። የወላይታው ሽማግሌ የልጅ ልጅ ዳቦውን ገምሶ የሰጠው አዋጅ አንብቦ አይደለም፤ በአንድ ወንበር ስለ ተቀመጠ ነው።

በድሩ ፊት የተቀመጡ ሕፃናት

ስለ ባለሙያዎች ክብር ስንናገር አንድ መራራ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከደቡብ፥ ይልቁንም ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ሰፍረዋል፤ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳም በሸማ ገበያው በመላ አገሪቱ ታውቋል። ብዙዎቹ በላባቸው የሚኖሩ፥ ልጆቻቸውን አስተምረው ለማዕረግ ያበቁ ቅን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ከወላይታና ከጋሞ ገጠር ሕፃናት «ትማራላችሁ» እየተባሉ በዘመድና በደላላ እጅ ወደ ከተማ እየተወሰዱ ለሽመና እንደሚዳረጉ ለብዙ ዓመታት ሲነገርና ሲጻፍ ቆይቷል። ከእነዚህም ትምህርት ቤት ሳያዩ ከማለዳ እስከ ሌሊት ከጉድጓዱ ጫፍ ተቀምጠው የሚውሉ፥ ደመወዛቸው ምግብ ብቻ የሆነ አሉ። ወገባቸው ይጎብጣል፤ ዐይናቸው ይደክማል፤ ወላጆቻቸውም ሲጠብቁ ይኖራሉ።

ይህ ከአባት ጎን ተቀምጦ ክር እየጠቀለሉ ሙያ ከመማር ጋራ አንድ አይደለም። ያ ውርስ ነው፤ ይህ ግን ሕፃንን መሸጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ለወጣት ሠራተኞችም የቀኑ ሥራ ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1178 ደግሞ በሰው የሚነግዱትን በብርቱ ይቀጣል። ሆኖም ሸማውን የምንገዛው እኛ እጅግ ርካሽ ሸማ ስንፈልግ፥ ርካሽነቱን በጀርባው የሚከፍለው ያ ሕፃን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባናል። በትንሣኤ በዓል የምንለብሰው ነጭ ልብስ በሕፃን ዕንባ የታጠበ እንዳይሆን እንፍራ።

ምን እናድርግ?

አስቀድሞ በቤታችን አንደበታችንን እንጠብቅ። «ጠይብ»፥ «ፋቂ»፥ «ቡዳ» የሚሉት የስድብ ቃላት በልጆቻችን ፊት ከአፋችን አይውጡ። ልጅ ንቀትን ይዞ አይወለድም፤ ከወላጆቹ አፍ ይማረዋል እንጂ። ቃሉ ሲቀር ልማዱም ሥሩን ያጣል።

ሁለተኛ፥ ስንገዛ እንደ ክርስቲያን እንግዛ። ሸማኔውን ስሙን እንጠይቀው፤ ማን እንደ ሠራው፥ በስንት ቀን እንደ ተሠራ ይንገረን። የሳምንት ሥራ ያለበትን ጥለት በግማሽ ዋጋ ካልሰጠኸኝ ብሎ መሟገት ብልኅነት ሳይሆን የሠራተኛን ደመወዝ መቀማት ነው። ከባሕር ማዶ በመኪና ታትሞ የሚመጣው የጥለት አምሳል ዋጋው ርካሽ ቢሆንም፥ እርሱን በመረጥን ቍጥር አንድ መወርወሪያ እንደሚቆም እናስታውስ።

ሦስተኛ፥ ማኅበሮቻችንን እንመርምር። የጽዋ ማኅበራችን፥ ሰንበቴያችንና እድራችን ሸክላ ሠሪዋንና ብረት ሠሪውን ይቀበላሉን? ጠላው የተጠመቀበትን ጋን ሠርታ ለማኅበሩ የሸጠች ሴት ከማኅበሩ ውጭ ብትቀር፥ የተሰበሰብንበት የቅዱሱ ስም ይነቅፈናል። በመቅደሱ ያለው ጽና የብረት ሠሪው፥ ከበሮው የቆዳ ሠሪው፥ መጋረጃውና ልብሰ ተክህኖው የሸማኔው እጅ ሥራ ነው። የእጃቸው ሥራ ከመቅደስ የገባላቸውን ሰዎች ከሰንበቴ ማዕድ ማራቅ አይቻለንም።

አራተኛ፥ ለባለሙያዎቹ ለራሳቸው አንድ ቃል እንጨምር። ሸማኔው ብረት ሠሪውን፥ ብረት ሠሪውም ሸክላ ሠሪዋን ሲንቅ ሌሎች በእርሱ ላይ የጫኑትን ቀንበር በገዛ እጁ ያጸናዋል። እቁባቸውና ማኅበራቸው በሙያ ዐይነት ሳይለያይ አንድ ቢሆን፥ ዋጋቸውን ለማስከበርም፥ ልጆቻቸውን ለማስተማርም፥ የተሰረቁ ሕፃናትን ለማስመለስም ኃይል ያገኛሉ። ባስልኤልና ኤልያብ ድንኳኑን የፈጸሙት አንዱ ሌላውን ባለመናቁ ነው።

የወላይታው ሕፃን ለአያቱ ያቀረበው ጥያቄ በየቤታችን እንደሚጠየቅ አንጠራጠር። ዛሬ ልጆቻችን በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ፤ ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ ይፋቀራሉ፥ ጋብቻም ይጠይቃሉ። በዚያን ቀን መልስ አጥተን ከማፈር ዛሬ በራችንን ከፍተን «ግቡ፥ ቡና ደርሷል» ማለት ይሻላል። የጥበብ ሁሉ ምንጭ የሆነ አምላክ የእጃቸውን ሥራ ይባርክ፤ ለእኛም ሠሪውን ከሥራው ጋራ የምናከብርበት ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።